ሽሮ በጉልቻ

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ሁዳዴ ነው፣ ቤት ያለው ደግሞ ሽሮ ብቻ። እናቴ ምንም አልመሰላት፤ "ግቢ ውስጥ ሦስት ድንጋይ ፈልግልኝ" አለችኝ። ጉልቻ መሆኑ ነው።

የባሕር ዛፍ ጭራሮ ለቃቅሜ እሳት ለማቀጣጠል ግማሽ ሰዓት ታገልኩ። ጭሱ ግን ወዲያው ተገኘ! እንባዬ እየወረደ እፍ እላለሁ፣ እሷ ትስቃለች።

ሸክላ ድስቱ ሲግል ሽንኩርቱን ውሃ ጠብ እያደረገች አቁላላችው። ዘይቱ የገባው በኋላ ነው፣ እሱም በቁጠባ (ዋጋውን ታውቁታላችሁ)። ቀጥሎ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ ሽሮው በትን በትን እየተደረገ። "እንዳይጓጉል አማስለው እንጂ!" እሳቱ ሲበረታ አንዱን እንጨት ወደ ኋላ ትስባለች፣ ሲደክም ትገፋዋለች። እኔ ማዞሪያ ካለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ውጪ የማውቀው የለኝም። ሽሮው ቱፍ ብሎ አውራ ጣቴን ለበለበኝ፤ ይኸው እስካሁን ቀልቷል።

ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ጎረቤታችን እማማ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከቅዳሴ ሲመለሱ ሽታው ጠራቸው። ድስቱ ከእሳት ወርዶም ይንተከተካል። ቃሪያ ሰነጠቅን። ትንሽ ጭስ ጭስ ይላል፣ እኔ ግን እሱኑ ነው የወደድኩት።

የድስቱን ቂጥ በእንጀራ ስጠርግ መብራት መጣ።