ኮንክ የደረስኩት በሁለተኛው ጉዞ ነው

ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከርኩት ሚያዝያ ላይ ነበር። በፈረንሳይ ካለችው ከሌፕዊ ከተማ ኮንክ እስከምትባል መንደር በእግር ልሄድ ተነስቼ በአንድ ቀን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄድኩና ማታ ሞኒስትሮል ስደርስ ቀኝ ጉልበቴ አልታጠፍ አለኝ። በማግስቱ እያነከስኩ ሶግ ድረስ ከሄድኩ በኋላ ጉዞውን አቋርጬ ወደምኖርበት ወደ ሊዮን ተመለስኩ። ቤት ገብቼ ፎቶዎቼን ሳይ ግን ከጉልበቴ ይልቅ ሌላ ነገር አሳዘነኝ። ያነሳሁት ሁሉ የመንገድ ምልክት ነው። ሮሽጉድ የምትባለው መንደር፣ አለት አናት ላይ፣ ከፈረሰ ግንብ ሥር አንዲት ትንሽ የድንጋይ ጸሎት ቤት አለች። በሯ ክፍት እንደነበረ አስታውሳለሁ። እንዳይመሽብኝ ብዬ ሳልገባ አለፍኩ።

መንገዱ ጄኤር 65 ይባላል። ከመካከለኛው ፈረንሳይ ተራሮች ተነስቶ እስከ ስፔን፣ እስከ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ የሚዘልቅ የጥንት ተሳላሚዎች መንገድ ነው። የሌፕዊው ጳጳስ ጎደስካልክ እ.ኤ.አ. በ950 ከዚሁ ከተማ ተነስተው ወደዚያው ተጉዘዋል። እኔ የምፈልገው እስከ ኮንክ ያለውን 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ነሐሴ መጨረሻ ላይ እንደገና ልነሳ ስሰናዳ እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች።

«የማን ንግሥ ነው?» አለችኝ።

«ንግሥ እንኳን የለም እማዬ፤ ሀገር ለማየት ነው።»

«ሀገር ለማየት ከሆነ ታዲያ ምን ያስሮጥሻል? ባለፈውም የታመምሽው እኮ ስትሮጪ ነው።»

ዕቅዴን ከዚህ ስልክ በኋላ እንደ አዲስ አወጣሁት። በፊት ኪሎ ሜትሩን አካፍዬ ማደሪያ እፈልግ ነበር። አሁን ግን መጀመሪያ የማያቸውን ቦታዎችና የሚከፈቱበትን ሰዓት ጻፍኩ፤ ቀኖቹን በእነሱ ልክ ቆረጥኩ። በቀን 15፣ ቢበዛ 20 ኪሎ ሜትር፤ በድምሩ 12 የእግር ቀን ወጣ። ሌፕዊና ኮንክ ላይ ሁለት ሁለት ሌሊት ጨመርኩ። 11 ኪሎ የነበረውን ቦርሳዬን ወደ 6 ኪሎ አወረድኩት። ሁለት ካናቴራ፣ ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ የዝናብ ልብስ፣ ነጠላዬን ብቻ ያዝኩ፤ ሌላው ሁሉ ቤት ቀረ።

ሌፕዊ ለብቻዋ ጉዞ ናት። ከከተማው ዳር እንደ ጣት ቀጥ ብሎ የቆመ የእሳተ ገሞራ አለት አለ፣ ከ80 ሜትር በላይ ቁመት ያለው። አናቱ ላይ በ10ኛው ክፍለ ዘመን የታነጸ የቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤት ተቀምጧል። ገመድ የለውም እንጂ ደብረ ዳሞን ያየ ሰው ልቡ ደንገጥ ይላል። 268 ደረጃ ነው፤ ጠዋት በሩ ሲከፈት ወጣሁና ውስጡ ብቻዬን ሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። በሌላኛው አለት ላይ እ.ኤ.አ. በ1860 የቆመ ግዙፍ የእመቤታችን ሐውልት አለ። ብረቱ ፈረንሳዮች በክራይሚያ ጦርነት ሴባስቶፖል ላይ የማረኳቸው መድፎች ቀልጠው የተገኘ ነው። እኛ ሴባስቶፖል ሲባል የምናውቀው የአፄ ቴዎድሮስን መድፍ ነው፤ ስሙን ያወጡለትም በዚያችው ከተማ ነው። አንዱ ስም መቅደላ ላይ መድፍ ሆኖ ቀረ፣ እዚህ ደግሞ መድፉ ልጇን ያቀፈች እናት ሆነ። ሐውልቱ ሥር ቆሜ ይህን ሳስብ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ካቴድራሉ ውስጥ ለተጓዦች ቅዳሴ አለ። ሲያልቅ መሀል ወለሉ ላይ ያለው የብረት ፍርግርግ ይከፈታል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ የምትወጪው በጎን በር ሳይሆን ከሆዱ ውስጥ በደረጃ ወርደሽ፣ በቀጥታ ወደ ከተማው ቁልቁለት ነው። ሚያዝያ ላይ ቀድሜ ልውጣ ብዬ ይህን ሁሉ ትቼው ነበር።

ስለ ምግብ ላንሳ፤ ረቡዕና ዓርብን ለሚጾም ሰው ይህ ዋና ጉዳይ ነው። በመንገዱ ላይ የሚታደረው ዢት በሚባሉ የተጓዥ ማደሪያዎች ነው። እራት በጋራ ማዕድ ይቀርባል፣ ያለውም አንድ ዓይነት ነው። በመጀመሪያው ጉዞ «ሥጋ አልበላም» ብዬ ብቻ ስለነበር አይብና እንቁላል ቀረበልኝና ዳቦ በልቼ ተኛሁ። በሁለተኛው ግን ከሁለት ቀን በፊት እየደወልኩ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል ብዬ አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። አንዲት አሮጊት የማደሪያ ባለቤት፣ «ምስር ካለዎት ይበቃኛል» ስላቸው፣ «ልጄ፣ እዚህ አገር ምስር የሌለበት ቤት የለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የሌፕዊ አረንጓዴ ምስር በመላው ፈረንሳይ የታወቀ ነው። ፍሬው ደቃቅ ነው፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ነጠብጣብ ጣል ጣል ያለበት፤ ሲበስል አይፈርስም። በሽንኩርትና በካሮት ቀቅለው በዘይት አቀረቡልኝ፤ እንጀራ ብቻ ነው የጎደለው።

ሮሽጉድን በዚህኛው ጊዜ ገባሁባት። ውስጧ ጥቂት ሰው ብቻ የሚይዝ ነው፤ ከደጇ ሆነሽ የአሊዬን ወንዝ ሸለቆ ታያለሽ። ጉልበቴን የበላው ቁልቁለት የሚጀምረው ከዚሁ ነው። አሁን ሁለት ዘንግ ይዣለሁ፣ ዘንጎቹን ለቁልቁለት ረዘም አድርጌ፣ በአጭር በአጭር እርምጃ ወረድኩ፤ ምንም አልሆንኩም። ከሞኒስትሮል መውጫው ላይ ደግሞ ፊቱን በግንብ ዘግተው ጸሎት ቤት ያደረጉት የመግደላዊት ማርያም ዋሻ አለ። ሚያዝያ ላይ በሕመም አንገቴን ደፍቼ ሳልፍ አላየሁትም ነበር።

ሶግ እ.ኤ.አ. ከ1764 እስከ 1767 ሰው ሲበላ በኖረው የጄቮዳን አውሬ ታሪክ የታወቀ አካባቢ ነው፤ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ይወዱታል። እኔ ብዙም አልቆየሁበትም። ይልቅ ከዚያ ወዲያ ለሚሄድ ሰው ይህን ልንገር፦ ሰኞ ሰኞ የገጠር ሱቅ አብዛኛው ዝግ ነው፣ በሌላው ቀንም ከቀትር በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል ይዘጋል። የእሑድና የሰኞ ስንቅ ቅዳሜ ይገዛል። ውሃ ሲያልቅ መቃብር ቦታ ፈልጉ፤ ቧንቧ አይጠፋውም፣ አይጠጣም የሚል ጽሑፍ አለመኖሩን ግን አረጋግጡ። የመንገዱ ምልክት ነጭና ቀይ መስመር ነው፤ ሁለቱ ተሻግረው መስቀለኛ ከሆኑ በዚያ አትሂዱ ማለት ነው።

መስከረም 1 ጠዋት ከናስቢናል ወደ ኦብራክ ተነሳሁ። ከናስቢናል እስከ ሴን ሼሊ ያለው ይህ የመንገድ ክፍል እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሜዳው ላይ ዛፍ የለም፤ ሣር፣ ድንጋይ፣ ዓይናቸው የተኳለ የሚመስሉ ቡና ዓይነት ላሞች። አደይ አበባ ባይኖርም ቅጠል የሌለው ሐምራዊ አበባ ከሣሩ መሀል ብቅ ብሎ ነበር፤ መርዛማ ስለሆነ አልቀጠፍኩትም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጉም ወረደና እግሬን እንኳ ማየት አቃተኝ። የከብት ዱካ ተከትዬ ወጥቼ ኖሮ ምልክት የሚባል ጠፋ። ልቤ ቢመታም ቆምኩ፣ ስልኬ ላይ ቀድሜ የጫንኩትን ካርታ ከፈትኩ፣ መጨረሻ ምልክት ያየሁበት የአጥር በር ድረስ ተመለስኩ።

ኦብራክ ስደርስ ስለ ደወሉ ተነገረኝ። እ.ኤ.አ. በ1120 አካባቢ እዚህ ለተጓዦች መጠለያ የሠሩት መነኮሳት ጉምና በረዶ ሲሆን «የጠፉት ደወል» የሚሉትን ይደውሉ ነበር። በላቲን «የባዘኑትን መልሽ» የሚል ተቀርጾበታል። ማማውን ቀና ብዬ እያየሁ ልብሴ ገና ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። ለእንቁጣጣሽ ምሳ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርትና ያልበሰለ አይብ ተመትቶ እንደ ክር የሚሳበውን አሊጎ በላሁ።

ኮንክ የደረስኩት ከቀትር በኋላ ነው፤ ድካሙ አላስቸኮለኝም፣ ነገም እዚሁ ነኝ። ቤተ ክርስቲያኑ የቅድስት ፉዋ ነው፤ በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን በአዣን ከተማ ሰማዕት የሆነች ልጅ። እኛ በስንክሳር የምናነበው ያው ንጉሥ ነው። አፅሟን የኮንክ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ866 በስውር እንዳመጣው ይተረካል። ከበሩ በላይ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተቀረጸው የመጨረሻው ፍርድ 124 ምስል አለው፣ ሰማያዊና ቀይ ቀለሙ ዛሬም ቅሪቱ ይታያል። ፊቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ድንጋዩ የሚበራው ማምሻውን ነው። ጠዋት ብቻ አይቶ የሄደ ሰው ግማሹን አላየም።

ማምሻውን ደረጃው ላይ ተቀምጬ ለእናቴ በቪዲዮ ደወልኩላት። ስልኩን ወደ ላይ አነሳሁ፤ በአንድ በኩል ክንፍ ያለው፣ በሌላው ጋኔን፣ መሀላቸው ሚዛን።

«ውይ፣ ሚካኤል!» አለች ሳልነግራት። «እስቲ ቀረብ አድርጊልኝ።»