የሥራ መሪ ሲሆኑ የሚቀር ሰዓት

የማታውን የኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ትምህርት የጨረስኩት ነፍሰ ጡር ሆኜ ነው። ቀን ባንክ ስሠራ ውዬ፣ ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ክፍል ተቀምጬ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ቤት ስገባ እናቴ «ይኼ ትምህርት ማለቂያም የለው?» ትለኝ ነበር። «ካለቀ በኋላማ ዐርፋለሁ» እላታለሁ፤ ያን ጊዜ እውነት ይመስለኝ ነበር።

ልጄ የመመረቂያ ጽሑፌን ባስረከብኩ በሁለተኛው ወር ተወለደች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ስለሆነ፣ የድግሱን ዕቃ ለዕድሩ መልሼ ሳልጨርስ ወደ ሥራ የምመለስበት ቀን ደረሰ። በቀድሞው አዋጅ ቢሆን የድኅረ ወሊዱ ፈቃድ 60 ቀን ነበርና ክርስትናዋ ሳይደርስ ቢሮ በገባሁ። ለባለቤቴ የተሰጠው 3 ቀን ነው፤ እናቴ «ገንፎው ሳይበርድ ሄደ» እያለች እስከ ዛሬ ትቀልድበታለች።

በዓመቱ ለቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅነት ተወዳደርኩ። በቃለ መጠይቁ ላይ አንዱ ጠያቂ እንደ አሳቢ ዘመድ ፈገግ ብሎ «ልጅሽን ማን ይይዝልሻል?» አለኝ። አብሮኝ የተማረ፣ የሁለት ልጆች አባት የሆነ ባልደረባዬ በዚያው ቀን ለሌላ ቅርንጫፍ ቀርቦ ስለነበር ስንወጣ ምን እንደጠየቁት ጠየቅኩት። ተቀማጭ ገንዘብ እንዴት እንደሚያሰባስብ ብቻ ነበር የጠየቁት።

ቦታውን አገኘሁ፤ አስቀድሜ ያላሰብኩበት ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አዋጁ መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ የገደበው፣ የትርፍ ሰዓቱንም በሳምንት ከ12 እንዳይበልጥ ያለው ለሠራተኛ ነው፤ እንደ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ያለ የሥራ መሪ ከአዋጁ ውጭ ነው። ዲግሪው ዕድገት አመጣልኝ፣ ዕድገቱ ደግሞ ሰዓቴን ይጠብቅልኝ ከነበረው ሕግ አወጣኝ። (ክፍል ውስጥ ኦፖርቹኒቲ ኮስትን፣ ማለትም አንዱን ስንመርጥ የምናጣውን ሌላ ጥቅም፣ ስንማር ምሳሌው ሁልጊዜ ማሽን ነበር።) የቅርንጫፉ በር ለደንበኛ ከተዘጋ በኋላ ሒሳቡ እስኪታረቅ እጠብቃለሁ፤ ቤት ስደርስ ደግሞ የቅርንጫፎቹ የበላይ የሆነው የባንኩ ዲስትሪክት ቢሮ የዕለቱን የተቀማጭ አፈጻጸም በቴሌግራም ይጠይቃል።

በሰኔ የሒሳብ መዝጊያ ሰሞን አንድ ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ ስገባ ልጄ ሶፋው ላይ ጫማዋን እንዳደረገች ተኝታለች። እናቴ ዝቅ ባለ ድምፅ «እማዬ ካላወለቀችልኝ ብላ እንቢ አለች» አለችኝ። የአንዱ ጫማ ማሰሪያ ተቋጥሮ ነበር፤ ሳልቀሰቅሳት ለመፍታት ብዙ ደቂቃ ወሰደብኝ።

በማግስቱ ለአለቃዬ ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ስልክ እንደማላነሣ፣ ሪፖርቱን ግን ከ2 ሰዓት ተኩል ሳያልፍ እንደምልክ ነገርኩት። ተቆጣ፤ ቢሆንም ሪፖርቱ ዘግይቶ ስለማያውቅ ሁለተኛ አላነሣውም። ከባለቤቴ ጋር የተደረሰው ስምምነት ከዚህ ይልቅ ብዙ ክርክር ፈጅቷል፤ አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ልጃችንን ከመዋዕለ ሕፃናት የሚያመጣት እሱ ነው።

ዘንድሮ የዲስትሪክት ኃላፊነት ማስታወቂያ ሲወጣ አላመለከትኩም። እናቴ «ደግ አደረግሽ» አለችኝ። እኔ ግን ደግ ማድረጌን ገና አላመንኩም፤ ማስታወቂያውንም ከስልኬ ላይ አላጠፋሁትም።