የርክክብ ሰዓት

የምሠራው በአዲስ አበባ መሐል፣ ከቸርችል ጎዳና ብዙም በማይርቅ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። የማጠናው የጡት ካንሰር ሴሎች የማደግና የመባዛት ትእዛዝ ከውጭ ተቀብለው ወደ ውስጥ የሚያስተላልፉበትን መንገድ ነው። ትእዛዙ ከፕሮቲን ወደ ፕሮቲን የሚተላለፈው በአብዛኛው በፎስፌት ነው፤ ካይኔዝ የሚባሉት ኢንዛይሞች ፎስፌቱን በፕሮቲን ላይ ይለጥፋሉ፣ ፎስፋቴዝ የሚባሉት ደግሞ ይነቅሉታል። ኤድመንድ ፊሸርና ኤድዊን ክሬብስ እ.ኤ.አ. በ1992 የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው ይህ መለጠፍና መንቀል የሴልን ሥራ እንደሚቆጣጠር በማግኘታቸው ነው። እኔ የምለካው ኤኬቲ በተባለው ፕሮቲን ላይ ያለውን ፎስፌት ነው፤ በብዙ ካንሰሮች ውስጥ ከመጠን በላይ ሲለጠፍ የሚታየው እዚያ ላይ ነውና።

ፈቅደው ከሰጡን 23 ታማሚ ሴቶች ዕጢ፣ ፕሮቲኖችን ለይቶ እንደ መስመር በሚያሳየው ዌስተርን ብሎት በተባለ ዘዴ ያገኘሁት ውጤት ግን ከጠበቅሁት ጋር አልገጠመም። ኤኬቲ ራሱ በወፍራም ጥቁር መስመር ይታያል፤ ፎስፌት የተለጠፈበት ግን በአብዛኞቹ ላይ በዓይን ተፈልጎ የሚገኝ ጥላ ብቻ ነበር። ጥፋቱ የእጄ እንዳይሆን በማለት በቤተ ሙከራ ያሳደግናቸውን ሴሎች ኤኬቲ ላይ ፎስፌት የሚያስለጥፈውን ኢንሱሊን ለ10 ደቂቃ ሰጥቼ፣ ወዲያው በረዶ ላይ አፍርሼ ጎን ለጎን ለካሁ፤ መስመሩ ደምቆ ወጣ። በዚህ ልቤ ረጋ። አገራችን ውስጥ የጡት ካንሰር ብዙ ጊዜ በወጣትነት ዕድሜ የሚታይና ዘግይቶ የሚደረስበት በመሆኑ፣ «የእኛ ታማሚዎች ዕጢ የሚመራው በሌላ መንገድ ነው» የሚል ማብራሪያ ለመጻፍም ጊዜ አልፈጀብኝም። ዛሬ ሳነበው የሚያሳፍረኝ ጽሑፉ ውብ መሆኑ ነው።

ናሙናዎቹን ከሆስፒታል የሚያመጡልን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ ሾፌር ነበሩ። አንድ ቀን አይስ ቦክሱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው፣ እኔ መዝገቡን ስፈርም፣

«ዶክተር፣ ይሄ ነገር ሥጋ አይደል? ሲቆይ አይበላሽም?» አሉኝ።

«በበረዶ እኮ ነው የሚመጣው፣ ጋሼ።»

«እኔ እጅ ከገባ በኋላማ በበረዶ ነው። ከዚያ በፊት ግን በጎዝ ተጠቅልሎ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። ፈርማ የምትሰጠኝ ልጅ ሌላ ቀዶ ጥገና ውስጥ ከሆነች እስክትወጣ እንጠብቃታለን። ባለፈው ሰኞ ጠዋት የወጣውን እኮ ለምሳ ሰዓት ነው የተረከብኩት።»

መዝገቡን መልሼ ገለጥሁት። አብዛኛው ናሙና በ20 እና በ30 ደቂቃ መካከል እንደደረሰን ይላል፤ ሜክሲኮ አደባባይ መንገድ በተዘጋባቸው ቀናት 50 ደቂቃ የሆነም አለ። ነገር ግን የሚቆጠረው ከርክክብ ሰዓት ጀምሮ ነው። ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ዕጢው ከሰውነት የተለየበትን ሰዓት የሚጽፉበት ቦታ አላስቀመጥሁም፤ ያልተጠየቀች ነርስ ደግሞ ልትጽፈው አትችልም።

ዕጢው ከደም ሥሩ ሲለይ ኦክስጅንና ምግብ ይቋረጥበታል፤ ፎስፌት ለመለጠፍ የሚያስፈልገው ኤቲፒ የተባለው የሴሉ የኃይል ምንጭ እያለቀ ሲሄድ ካይኔዞቹ ይደክማሉ። ፎስፋቴዞቹ ግን ለመንቀል ኤቲፒ ስለማያስፈልጋቸው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ሴል ሲጨነቅ ፎስፌት የሚለጠፍባቸው እንደ ፒ38 ያሉ ፕሮቲኖች የሚሰጡት የጭንቀት ምልክቶች ደግሞ በአንጻሩ ሊጨምሩ ይችላሉ፤ ስለዚህ የቆየ ናሙና ምልክቱን ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ያልነበረ ምልክትም ሊያሳይ ይችላል። ወዲያው በረዶ ላይ ያፈረስኋቸው ሴሎች የመሰከሩት ስለ እጄ እንጂ መስኮቱ ሥር ስላለፈው ጊዜ አልነበረም።

በሚቀጥለው ሳምንት ቀዶ ጥገናው በር ላይ ራሴ ቆምሁ። ከአንድ ዕጢ ለምርመራ ከሚያስፈልገው የተረፈውን አራት ቦታ ከፍዬ፣ አንዱን ወዲያው፣ ሌሎቹን ከ10፣ ከ30 እና ከ60 ደቂቃ በኋላ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ከተትሁ። (ናይትሮጅኑን ለማግኘት የተጉላላሁት ሌላ ታሪክ ነው፤ በአገራችን ከካንሰር ተመራማሪ ይልቅ የከብት አዳቃይ ያውቀዋል።) የመጀመሪያው መስመር እንደ ከሰል ጠቁሮ ወጣ፣ ሦስተኛው ደበዘዘ፣ አራተኛው እነዚያን 23ቱን መሰለ።

ለጉባኤ ያዘጋጀሁትን ጽሑፍ አብሮኝ ለሚጽፈው ባልደረባዬ ደውዬ አስቀረሁት። ዲኤንኤ እንደ ፎስፌት ቶሎ ስለማይጠፋ ናሙናዎቹን አልጣልናቸውም፤ «ለፎስፌት አይሆንም» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸው በማቀዝቀዣው ታችኛው መደርደሪያ ላይ አሉ። አዲሱ ቅጽ ሁለት ሰዓቶች እንዲጻፉ ይጠይቃል፤ ዕጢው ከሰውነት የተለየበትንና ርክክብ የተደረገበትን። ጋሼም ናይትሮጅኑን ይዘው በሩ ላይ እየጠበቁ፣ ገና ከመነሳታቸው በፊት ይደውሉልኛል፦ «ዶክተር፣ ወጥቷል፤ ሦስት ደቂቃ ሆኖታል።»