የዓሣ ጫጩት ከመግዛታችሁ በፊት ስለ ናሙና አወሳሰድ ጠይቁ

ከጎንደር ወደ ጎርጎራ በሚወስደው መንገድ፣ ደምቢያ ሜዳ ላይ ቆሮሶ (ቲላፒያ) የተባለውን ዓሣ የማረባበት ኩሬ አለኝ። ኩሬ መቆፈሩን፣ ወለሉን በኖራ ማከሙንና ውኃውን በፍግ ማልማቱን ማንኛውም የግብርና ባለሙያ ስለሚያስረዳችሁ አልዘረዝረውም። የምጽፈው ማንም ስላላስጠነቀቀኝ ነገር ነው።

ጫጩቶቹ ከማባዣው ሲመጡ የጤና ማረጋገጫ ነበራቸው። ማረጋገጫው የተሰጠው ግን ቁስል እንደሌለባቸውና በደንብ እንደሚዋኙ በዓይን ታይቶ ብቻ ነው። ወር ሳይሞላቸው መኖ መብላት አቆሙ፤ ቆዳቸው ጠቆረ፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያሉ ይሞቱ ጀመር።

ደጋግሜ ከተማጸንሁ በኋላ የተላከው ባለሙያ ፀሐይ ላይ የዋሉትን በድኖች ለቅሞ ፎርማሊን ውስጥ ከተታቸው። ፎርማሊን የአካልን ቅርጽ ጠብቆ ያቆያል፤ ቫይረስ ቢኖር ግን አርኤንኤውን፣ ማለትም የዘር መረጃውን የያዘውን ሞለኪውል፣ ስለሚጎዳው ናሙናው ይህን የዘር መረጃ አባዝቶ ለሚለየው የፒሲአር ምርመራ አይሆንም ተብሎ ተመለሰ። ባለሙያው በምትኩ አዲስ ናሙና አልወሰደም፤ ኃላፊውም «የኦክስጅን እጥረት ነው» ብሎ ጉዳዩን ዘጋው። በኦክስጅን እጥረት የሚያልቅ ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ ሊነጋ ሲል በአንድ ሌሊት ያልቃል እንጂ ቀናት እየቆጠረ በጥቂት በጥቂቱ አይሞትም። ዓሦቼን የገደላቸው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ መቅረቱ ከኪሳራው በላይ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቫይረስ ነው የሚለው ጥርጣሬዬ ከመሬት የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 እስራኤል ውስጥ ስለ መለየቱ የተዘገበው የቲላፒያ ሌክ ቫይረስ ብዙ ጊዜ የሚገድለው ጫጩቶች ወደ አዲስ ኩሬ በተዛወሩ በመጀመሪያው ወር ነው፤ በቪክቶሪያ ሐይቅ ደግሞ ምንም የሕመም ምልክት ባልታየባቸው ዓሦች ላይ ተገኝቷል። የሳልሞን አርቢዎችም ይህን ስውርነት በውድ ዋጋ ተምረውታል፦ እ.ኤ.አ. በ1984 ኖርዌይ ውስጥ የታየው ተላላፊ የደም ማነስ የተባለ የቫይረስ በሽታ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የቺሊን እርባታ ያሽመደመደ ሲሆን፣ የዚሁ ቫይረስ አንዱ ዓይነት ዓሣውን ሳያሳምም በውስጡ ይኖራል፤ ገዳዩ ዓይነትም ከእርሱ በለውጥ እንደሚመነጭ ይታመናል። እንዲህ ያለውን በዓይን አይቶ ወረቀት መስጠት ምን ዋጋ አለው?

ጫጩቱን እንደ መጣ ወደ ዋናው ኩሬ ልቀቁ ይሉናል። እኔ ግን ቢያንስ አንድ ወር የራሱ መረብና ባልዲ ባለው ትንሽ ኩሬ ለብቻው አቆየዋለሁ፤ ውኃውንም ወደ መገጭ ወንዝና ወደ ጣና በሚወርድ ቦይ ፈጽሞ አልለቅም። ይህ ሕመሙን ተሸክሞ ደህና የሚመስለውን ዓሣ ባያጋልጥም፣ ወር ሳይሞላው የሚሞተውን ከነባሮቹ ይለይልኛል።

ሞት ከጀመረም ገና የሚያጣጥረውን ዓሣ ያዙ። ከጉበቱና ከአንጎሉ ትንንሽ ቁራጭ ወስዳችሁ ከፊሉን 95 በመቶ አልኮል ውስጥ፣ ከፊሉን ፎርማሊን ውስጥ በየዕቃው አስቀምጡ። ባለሙያው ፎርማሊን ብቻ ይዞ ከመጣ፣ ቅር ቢለውም እንኳ አልኮል ሳይጨምር ናሙና እንዲወስድ አትፍቀዱ።