አንድ በርሜል አገዳ

ባለፈው ጥር ሸዋ ሮቢት አክስቴ ግቢ ውስጥ ከማሽላ አገዳ ከሰል ልሠራ ተነሳሁ። የሠራሁት አመድ ነው። ልጆች ተሰብስበው ሳቁብኝ። አክስቴም "ይሄንንማ እኔ በየቀኑ እሠራዋለሁ፣ ደብረ ብርሃን ተቀምጠህ የተማርከው ይሄን ነው?" አለችኝ።

ነገሩ የጀመረው ከከሰል ዋጋ ነው። ደብረ ብርሃን ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ ያለ ከሰል አይሆንም፣ በገዛሁ ቁጥር ግን እናደዳለሁ። ታዲያ ጣርማ በርን አልፌ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርጄ ቀወት ሜዳ ላይ ስደርስ በየማሳው የአገዳ ክምር አያለሁ። ይሄ ሁሉ እኮ ነዳጅ ነው እላለሁ ለራሴ።

ከሰል ማለት አየር ተከልክሎ የተቃጠለ ነገር ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ባለ 200 ሊትር በርሜል ታመጣለህ፣ ታችኛውን በሚስማር ትበሳሳዋለህ፣ ሦስት ድንጋይ ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ የደረቀ አገዳ ትሞላና ትለኩሳለህ። መጀመሪያ ነጭ ወፍራም ጭስ ይወጣል። እሱ ውሃው ነው። ጭሱ ሲሳሳና ሊጠፋ ሲል ክዳኑን ትደፍናለህ፣ በርሜሉን ከድንጋዩ አውርደህ ዙሪያውን በጭቃ ትመርጋለህ፣ ከዚያ ቀዝቅዞ እስኪያድር አትነካውም። የኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። ጭቃውን ችላ አልኩት፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሳ፣ በአንዲት ስንጥቅ ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ አድሮ ጠዋት ስከፍተው ነጭ አመድ።

በሁለተኛው ቀን ተሳካ። 20 ኪሎ የሚሆን አገዳ እየጨማመርኩ ከትቼ 4 ኪሎ ተኩል ከሰል አወጣሁ። አትዘኑ፣ ከአራት አንድ እጅ አካባቢ ማግኘት ደህና ነው። ችግሩ የአገዳ ከሰል እንደ ግራር ከሰል አይደለም፣ በእጅ ስትይዘው ይደቅቃል። ስለዚህ ወቅጠህ፣ በማጣበቂያ ለውሰህ መጠፍጠፍ አለብህ። ማጣበቂያ ምን ይሁን? ዱቄት ገዝቶ ማቃጠል ነውር ነው። ወፍጮ ቤት ሄጄ ወለል ላይ የተጠረገ ዱቄት ለመንኩ፣ ባለ ወፍጮው ለዶሮ መስሎት ሰጠኝ። እሱን እንደ አጥሚት ቀጠን አድርጌ አፍልቼ ከወቀጥኩት ከሰል ጋር ለወስኩት። ሲበዛ ይጨሳል፣ ሲያንስ ይፈረፈራል፤ ለ10 ኪሎ የከሰል ዱቄት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ይበቃል። ቅርጹን ያወጣሁት በቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ነው። የሮቢት ፀሐይ በሦስት ቀን አደረቀው።

ፈታኟ አክስቴ ነበረች። ማንደጃዋ ላይ ደረደረችና ጀበናዋን ጣደች። ለመያያዝ ዳተኛ ነው፣ ልጅቷ ማራገቢያ ይዛ ደክሟት ነበር። ከተያያዘ በኋላ ግን አይጨስም፣ ፍንጣሪም የለው። አመዱ ብዙ ነው። እንጨት ሲነድ አመዱ ከመቶ 1 ቢሆን ነው፣ ጭድና አገዳ ግን ከ5 እስከ 10 ይደርሳል፣ ከሰል ሲሆን ደግሞ ያ ሁሉ አመድ እዚያው ይቀራል። ፍሙ ቶሎ ቶሎ አመድ ይለብሳል፣ መታ መታ ማድረግ ያስፈልጋል። እስከ በረካ ግን አደረሰን።

አይጨስም ስላልኩ ብቻ የደብረ ብርሃን ሰዎች ቤት ዘግታችሁ እንዳትተኙበት። የሚገድለው የማይታየውና የማይሸተው ጋዝ ነው፣ አገዳ ሆነ ግራር ለውጥ የለውም።

አክስቴ ቡናውን እየቀዳች "እሳቱስ ደህና ነው፣ ላሞቹን ግን ምን ልታበላልኝ ነው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ወረቀት ላይ ተረፈ ምርት ይባላል፣ እሷ ቤት ግን የተረፈ ነገር የለም። ቅጠሉን ከብት ይበላዋል፣ የተረፈው አገዳ እንጀራ ይጋግራል፣ ደህና ደህናው አጥር ይሆናል። ምንጃር ብትሄዱ የጤፍ ጭድ ቀለብ ነው፣ ጭቃ ቤትም ያለ እሱ አይመረግም። መንዝ ደግሞ እበቱ ሳይቀር ኩበት ሆኖ ይነዳል፣ ማሳውም ማዳበሪያው ይቀርበታል።

ሌላም ነገር አለ። አገዳውን ከሰል ስታደርገው ከጉልበቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በጭስ ይሄዳል። ስለዚህ እንጀራ ለመጋገር ከሰል ማድረግ ቂልነት ነው። አገዳውን እንዳለ «ምርት» በሚባለው ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ውስጥ መማገድ ይሻላል፣ ከሦስት ጉልቻው ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ማገዶ ይቆጥባል። ከሰሉ ለቡናና ለከተማ ነው።

አንድ ጓደኛዬ "ለምን ባዮጋዝ አታደርገውም?" አለኝ፣ ተብላልቶ የሚወጣውን የሚነድ ጋዝ ማለቱ ነው። ባዮጋዙን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ሙቀት ይወዳሉ፣ 35 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ደስ ይላቸዋል፣ ከ15 በታች ሲወርድ ሥራ ያቆማሉ ማለት ይቻላል። የኅዳር ውርጭ ያለበት ደብረ ብርሃን ላይ አስቡት! ሮቢት ይሆናል፣ ግን ዋናው ቀለባቸው እበት ነው። ደረቅ አገዳ ብቻውን አይሆንላቸውም፣ ናይትሮጅን ያንሰዋል፣ እንጨት መሰሉን ክፍሉንም አይፈጩትም። ኤታኖልም፣ ነዳጅ የሚሆነው አልኮል፣ ያው ነው። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል የጀመረው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል የሚወጣው ከስኳር ተረፈ ምርት ከሞላሰስ ነው፣ ስኳሩ ተዘጋጅቶ የቀረበ። ደረቅ የማሽላ አገዳ ውስጥ ያለውን ስኳር ለማውጣት መጀመሪያ በኬሚካልና በኢንዛይም መፍታት አለብህ። ጓሮ የሚሠራ ነገር አይደለም።

እና ከአክስቴ ጋር የተስማማነው በበቆሎ ቆረቆንዳ ነው። ከብት ብዙም አያየውም፣ እንደ አገዳ አይፈረፈርም፣ ከሰሉም ጠንከር ይላል። እስካሁን ልጆቹ የሚወራወሩበት ነበር፣ አሁን በጆንያ ታጠራቅምልኛለች። ባለፈው ሳምንት ደውላ ሁለት ጆንያ ሞልቷል አለችኝ። ቅዳሜ እወርዳለሁ ስላት "በርሜሉ ውስጥ ዶሮዬ ታቅፋለች፣ እስክትፈለፍል ቆይ" ብላ ዘጋችው።