በመብራት ዙሪያ የሚታየው ቀለበት

ነሐሴ ላይ አንድ ማታ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣ ሚኒባስ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጬ ስመጣ፣ ከፊት ለፊታችን የሚወርደው መኪና ሁሉ መብራቱ ጠርዙ ቀላ ባለ ቀለበት ተከቦ ይታየኝ ነበር። የደሴ ጉም ነው ብዬ ደምድሜ ሳለ፣ ሾፌሩ በትንፋሻችን ያላበውን መስታወት በጨርቅ ወልወል ሲያደርገው ቀለበቱም አብሮ ተጠረገ።

ቀለበቱን የሚሠራው በመብራቱና በእኛ መካከል ያለው ነገር ነው። ጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች መስታወት ላይም ይሁኑ ጨረቃን በሸፈነ ስስ ደመና ውስጥ፣ ብርሃን በጠርዛቸው ሲያልፍ ይበተናል፤ የተበተኑት ሞገዶችም አንዱ ጋ ተደጋግፈው ይደምቃሉ፣ ሌላው ጋ ተጠፋፍተው ይደበዝዛሉ። የቀይ ብርሃን ሞገድ ረጅም በመሆኑ ይበልጥ ስለሚዘረጋ ቅላቱ በውጭ በኩል ይቀመጣል። ጠብታዎቹ ባነሱ ቁጥር ቀለበቱ ይሰፋል፤ ትልቅና ትንሹ ከተቀላቀለ ግን ቀለማቱ ተደባልቀው ነጣ ያለ ወገግታ ብቻ ይቀራል።

ጨረቃን ከሩቅ የሚከበው ትልቁ ክብ ሌላ ነው። እርሱ የሚፈጠረው በጣም ከፍ ብሎ በሚንሳፈፍ ስስ ደመና ውስጥ ባሉ ባለ ስድስት ጎን የበረዶ ቅንጣቶች ሲሆን፣ ታች ኮምቦልቻ ሙቀት ቢሆንም እዚያ ላይ ውርጭ ነው። ብርሃኑ በቅንጣቶቹ ውስጥ ሲያልፍ ቢያንስ 22 ዲግሪ ያህል ስለሚታጠፍ፣ ክንድን ዘርግቶ በስንዝር ቢለኩት ከጨረቃዋ እስከ ክቡ አንድ ስንዝር ገደማ ይሆናል። እዚህ ቀዩ በውስጥ በኩል ነው። (በፀሐይ ዙሪያ ሲታይ ፀሐይዋን በጣሪያ ጠርዝ መከለል እንጂ በቀጥታ ማየት አይገባም።)

አክስቴ ግን ጉምም ላብም በሌለበት ሳሎን ውስጥ አምፖሉ ቀለበት እንዳለው ሲነግሩኝ፣ «እቴቴ፣ አንድ ዓይንዎን ጨፍነው አምፖሉን በአውራ ጣትዎ ይሸፍኑት» አልኳቸው።

«እሱም ጠፋ፣ ቀለበቱም ጠፋ» አሉ።

ቀለበቱ በአየር ወይም በመስታወት ላይ ቢሆን ኖሮ አምፖሉ ሲሸፈን ዙሪያው ይቀር ነበር፤ አብሮ ከጠፋ የሚሠራው እዚያው ዓይን ውስጥ ነው። ከድንገተኛ ሕመም፣ ከቅላትና ከብዥታ ጋር ከመጣ የዓይን ግፊት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት ያስፈልጋል። የእርሳቸው ቀስ ብሎ የመጣ ሞራ ነበር፤ ቀዶ ሕክምናው እስኪደርስ ድረስም ቡና ሊጠጣ የመጣውን ጎረቤት ሁሉ አምፖሉን በጣቱ ሲያስሸፍኑ ከረሙ።