ሰማያዊው ግንብ እና የወፍ በሽታ የያዛት አክስቴ

አክስቴ የደወለችው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሰላምታው እንኳ በወጉ አላለቀም። «ልጄ፣ እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ የወፍ በሽታ ይዞኛል?»

ማታ የላክሁላትን ፎቶ አይታ ነው። ቡና ስታፈላ ነበር ያነሳኋት። ጭሱ፣ ረከቦቱ፣ ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘው ቄጠማ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። እኔ ግን ቄጠማው ይድመቅልኝ ብዬ ሳቹሬሽኑን (የቀለሙን ድምቀት ማብዢያውን) እስከ ጥጉ ገፋሁት። ቄጠማው ደመቀ። አክስቴም አብራ ደመቀች። ጠይም ናት፤ ፎቶው ላይ ግን እርድ የተነሰነሰባት ነው የምትመስለው። ፋርማሲ ውስጥ ስለምሰራ ደግሞ በሽታ ደብቄባት መስሏታል። «ኧረ ደህና ነሽ፣ ቀለም ነው» ብላትም ለማመን ሁለት ቀን ፈጀባት። መስታወት ፊት ቆማ አይኗን ስትገልጥ ልጆቿ አይተዋታል።

ነገሩ የጀመረው በመሰልቸት ነው። ጎንደር ያደገ ሰው ሁሉ ፋሲል ግንብ ፊት የተነሳው ፎቶ አለው። የምረቃ ነው፣ ወይ የሰርግ፣ ወይ ከውጭ የመጣ ዘመድ ያለበት። ቡናማ ግንብ፣ ሰማያዊ ሰማይ፣ መሀል ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው። የኔ ስልክ ውስጥ ብቻ መቶ የሚሆኑ ነበሩ። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ አንዱን ፎቶ ከፈትሁና ሰማዩን ወይን ጠጅ አደረግሁት። ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ ማቆም አቃተኝ።

ማሳመር አልነበረም ያማረኝ፤ መቀለድ ነው። ሮዝ ባጃጅ፣ ቢጫ አህያ፣ ቀይ ሳር። ግን ቀልድም ሙያ አለው። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎቼ የሚያስቁ ሳይሆኑ የሚያቅለሸልሹ ነበሩ። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ወራት ወሰደብኝ።

ከሁሉ በፊት የገባኝ ነገር ወጥ ቤት ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ሽንኩርቱ ሳይበስል በርበሬ አይጨመርም። ሳቹሬሽን በርበሬው ነው። ያለውን ቀለም ያበዛል እንጂ የተሳሳተውን አያርምም። ጥላ ውስጥ የተነሳ ፎቶ ትንሽ ሰማያዊ ይላል፤ አይን ስለሚለምደው አናስተውለውም። ሳቹሬሽኑን ስትገፋው ግን ያቺ ትንሽ ሰማያዊ ታብጣለች፤ ነጭ ነጠላ ውሃ ሰማያዊ ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ አሁን መጀመሪያ ብርሃኑን፣ ቀጥሎ ነጩን ነው የማስተካክለው። ላይትሩም የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ አፕ ላይ ነጭ መምረጫ ጠብታ አለች። እኛ ሀገር ለዚህ መታደል ነው፤ ፎቶ ውስጥ ነጠላ ወይ ጋቢ የለበሰ ሰው አይጠፋም። ጠብታዋን ጋቢው ላይ አሳርፋታለሁ። (አዲስ የታጠበ ነጭ አይታመንም። የልብስ ሳሙናው ዱቄት ውስጥ ያለው ማንጫ ጨርቁን ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል። ትንሽ የቆየ ጋቢ ይሻላል።)

ሁለተኛው፣ ሁሉንም ቀለም በአንድ ላይ መግፋት ተውሁ። ላይትሩም ቀለሙን ለ8 ይከፍልልሃል፤ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ውሃ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ማጀንታ። ለእያንዳንዱ 3 ስላይደር አለው። ሂዩ ቀለሙን ወደ ጎረቤቱ ይወስደዋል፣ ሳቹሬሽን ያበዛዋል ወይ ያሳንሰዋል፣ ሉሚናንስ ያበራዋል ወይ ያጠቁረዋል። ጨዋታው ያለው ሂዩ ላይ ነው። አረንጓዴን ወደ ቢጫ ስትጎትተው የክረምቱ ሳር የጥር ሳር ይሆናል። ሰማያዊን ወደ ሐምራዊ ስትገፋው የቀትር ሰማይ ተረት ይመስላል። ሉሚናንስን ብዙ ሰው አይነካውም፤ እኔ ግን ከሳቹሬሽን የበለጠ የምወደው እሱን ነው። ሰማዩን ሳታበዛው ዝም ብለህ ብታጠቁረው፣ ግንቡ ራሱ ብድግ ብሎ ይወጣል።

አሁን ወደ አክስቴ ቆዳ ልመለስ፤ ትልቁ ትምህርቴ እዚያ ነው ያለው። ጠይም በል፣ ቀይ ዳማ በል፣ ጥቁር በል፣ ለአፑ የሁላችንም ቆዳ በአብዛኛው ብርቱካናማ ውስጥ ነው። የሚለያየው ብርሃኑና ብዛቱ ነው። ይህን ሳውቅ ደስ አለኝ፤ ብርቱካናማውን ካልነካሁ ሰው ይተርፋል ማለት ነው ብዬ። ግን የፋሲል ድንጋይስ? እሱም ብርቱካናማ። የጭቃ ግድግዳ፣ የቡና ገበታ፣ ድፎ ዳቦ፣ ሁሉም እዚያው ናቸው። ግንብ ተደግፎ የተነሳ ሰው ማለት ለአፑ ብርቱካናማ ላይ ያረፈ ብርቱካናማ ነው። ግንቡን ስታግለው ሰውየውም ይግላል።

መላው ማስክ ነው፤ ለውጡ ከፎቶው የተመረጠ ቦታ ላይ ብቻ እንዲያርፍ ማድረግ። ገንዘብ የማይከፈልበት መንገድ ስናፕሲድ የሚባል ሌላ የፎቶ አፕ ላይ አገኘሁ። ፎቶውን እንደፈለግህ ታበላሸዋለህ፤ ከዚያ የሰራሃቸው ለውጦች የተዘረዘሩበት ቦታ ገብተህ ለውጡን በብሩሽ፣ በጣትህ፣ በፈለግኸው ቦታ ብቻ ትቀባዋለህ። ግንቡን ትቀባና ሰውየውን ትዘለዋለህ። እርግጥ ጣቴ ወፍራም ነው፣ የስልኬም ስክሪን አንድ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል። ጆሮ አካባቢ ስደርስ ትንፋሼን ይዤ ነው የምሰራው። ብዙ ጓደኞቼ ሮዝ ጆሮ ይዘው የቀሩት በዚህ የተነሳ ነው።

አንድ እሁድ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄጄ ነበር። ለጸሎት ነው የሄድሁት፤ ግን ማን ጣሪያውን ሳያይ ይወጣል? ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ተደርድረው በየአቅጣጫው ያዩሃል። ግድግዳው ላይ ያለው ቀይና ቢጫ ደግሞ ምንም አያፍርም። በህይወቴ ስንቴ ያየሁትን ነገር ያን ቀን በኤዲት አይን አየሁት። ቀለሙ የሚጮኸው ልብሱና ጀርባው ላይ ነው። ፊቱ ግን ጸጥ ያለ ነው፤ ቡናማ፣ የሰው ፊት፣ ትልልቅ አይን። ሰዓሊዎቹ ፊት ላይ ሲመጡ እጃቸውን ሰብስበዋል። እኔ በስንት ወር ስህተት የደረስሁበትን እነሱ ግድግዳ ላይ ትተውልን ኖሯል። ፊትን ተወው፣ ሌላውን እንደልብህ።

ግን የሰማ ጆሮ ሁሉ አይማርም።

ጓደኛዬ ላፕቶፑ ላይ ጊምፕ ጫነልኝ፤ ነጻ ፕሮግራም ነው። እዚያ ላይ ቻናል ሚክሰር የሚባል አለ። ፎቶ ውስጥ ያለች እያንዳንዷ ነጥብ 3 ቁጥር ናት፤ የቀይ፣ የአረንጓዴ፣ የሰማያዊ፣ ከ0 እስከ 255። ጨዋታው የቀዩንና የሰማያዊውን ቁጥር ቦታ ማቀያየር ነው። በቀዩ ክፍል ቀይን 0፣ ሰማያዊን 1 ታደርጋለህ፤ በሰማያዊው ክፍል ደግሞ ገልብጠህ። ሌላ ምንም የለም።

ፋሲል ግንብ ሰማያዊ ሆነ። ሰማዩ ብርቱካን። ዛፎቹ ግን ንቅንቅ አላሉም፤ የአረንጓዴው ቁጥር አልተነካማ። ከዚህ ሁሉ የገረመኝ ደግሞ ነጠላው ነው። ነጭ ማለት 3ቱ ቁጥሮች እኩል ሲሆኑ ነው፤ እኩል ነገር ብታቀያይረው ያው ነው። አለም ሁሉ ተገልብጦ ነጠላው ነጭ እንደሆነ ቀረ። ያን ፎቶ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

ያን ጊዜ የሚያስፈልገኝ ነጭ የለበሰ ህዝብ የሞላበት ፎቶ ነው ብዬ አሰብሁ። ጎንደር ላይ ነው ያለሁት፤ ጥምቀት አለ! ጥር 11 ጠዋት ፋሲል መዋኛ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች አወጣሁና አንዱን ገለበጥሁት። ውሃው፣ ዛፎቹ፣ ነጭ በነጭ የሆነው ህዝብ፣ ልክ እንዳሰብሁት። ሳልዘገይ ለጥፌው ተኛሁ።

ያላየሁት ነገር ሁለት ነበር። አንደኛ ፊት። ቆዳ ብርቱካናማ ከሆነ ሲገለበጥ ሰማያዊ ነው። ካህናቱ፣ ዲያቆናቱ፣ ዘማሪዎቹ፣ ሁሉም ሰማያዊ ፊት ይዘው ቆመዋል። ሁለተኛ ባንዲራ። አረንጓዴው አረንጓዴ ሆኖ ቀረ፤ ቢጫው ውሃ ሰማያዊ፣ ቀዩ ድፍን ሰማያዊ ሆነ። የሌለ ሀገር ፈጥሬ አድሬያለሁ።

ጠዋት ስነሳ ስልኬ በመልእክት ተሞልቶ ነበር። ግማሹ ስድብ ነው፤ እሱን ልለፈው። ልቤን የነካው ዲያቆን የሆነ የልጅነት ጓደኛዬ የጻፈልኝ ነው። «ወንድሜ፣ ግንቡን እንደፈለግህ አድርገው። ታቦት ያጀበ ሰው ላይ ግን አትቀልድ። እነሱ ፎቶ ለመነሳት አልመጡም።» ወዲያው አወረድሁት። ለመከራከር አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጀምሬ ነበር፤ ሳነበው አፈርሁና አጠፋሁት። ከዚያ ወዲህ በአል ላይ ያነሳሁትን ፎቶ ከነተፈጥሮው ነው የምተወው። የምቀልደው በራሴ፣ በጓደኞቼ፣ በአህያና በግንብ ነው። አህያዋም ብትጠየቅ ምን እንደምትል እንጃ።

የቴክኒክ ስህተቶቼን ቶሎ ቶሎ ላውራቸው። ስልክ በተለምዶ የሚያስቀምጠው የፎቶ ፋይል፣ ጄፔግ፣ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ነው ያለው። ምሽት ላይ የተነሳን ሰማይ አብዝተህ ከገፋኸው ደረጃዎቹ ይለያዩና ሰማዩ እንደ ማሳ እርከን ይሆናል። ስልክህ ሮው (ካሜራው ያየውን ሳያሳምር እንዳለ የሚያስቀምጥ ፋይል) የሚያነሳ ከሆነ ለሰማይ ሮው ተጠቀም፤ ብዙ ደረጃ ስለሚይዝ ይለጠጣል። ቴሌግራም ላይ ስትልክ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላከው፤ አለዚያ ተጨምቆ እርከኑ ይብሳል።

ቀይ ላይ ለብቻው ልቁም። የእህቴን ሀበሻ ቀሚስ አንስቼ ነበር፤ ጥለቱ ቀይ በወርቃማ። ቀዩን ገፋሁት፣ ገፋሁት፣ በስልኩ ስክሪን እሳት መሰለ። ስልኩን ቀረብ አድርጌ ሳጎላው ጥለቱ የለም። ክሩ ከክር አይለይም፤ መስቀሉ ጠፍቷል፤ ቀይ ፕላስቲክ የተለጠፈበት ይመስላል። የቀዩ ቁጥር 255 ደርሶ ስለቆመ ጥላውም ብርሃኑም አንድ ሆነዋል። መልሼ ሳቹሬሽኑን ቀነስሁ፣ ሉሚናንሱን ትንሽ አወረድሁት፤ ክሮቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። ሸማኔው ስንት ቀን የለፋበትን እኔ በአንድ ጣት ልደመስሰው ነበር።

ስለ ማተሚያ ቤት ደግሞ ይቅርታ የምጠይቀው ልጅ አለ። ወይን ጠጅ ሰማይ ያለውን ፎቶ በትልቁ አሳተምሁ። ሲወጣ የደበዘዘ፣ የጠየመ ሆነ። ቀለም ሰርቃችሁ ነው ብዬ ጮህሁ። ልጁ በትእግስት አስረዳኝ። ስክሪን ብርሃን ነው የሚረጨው፤ ወረቀት ግን በቀለም የሚያሳይህ ያረፈበትን ብርሃን መልሶ ነው። የሚያብረቀርቅ ሐምራዊና አረንጓዴ ወረቀት ላይ አይገባም። እውነቱን ነበር። አሁን ትንሿን መጠን አስቀድሜ አሳትሜ፣ ደጅ ወጥቼ በቀን ብርሃን አይቼ ነው ትልቁን የማዘው።

አክስቴስ? ይቅርታ አደረገችልኝ። የቡናውን ፎቶ እንደገና ሰራሁላት፤ ቄጠማው ከመጠን በላይ አረንጓዴ፣ እሷ እንደራሷ ጠይም። ወደደችው መሰለኝ፣ ባለፈው ሳምንት አንድ የቆየ ፎቶ በፌስታል ጠቅልላ ፋርማሲ ድረስ አመጣችልኝ። ጥቁርና ነጭ ነው። እሷና አጎቴ ገና ሳይጋቡ ፎቶ ቤት የተነሱት፣ ከኋላቸው የተሳለ አበባ አለ። «ቀለም አግባልኝ፤ ቀሚሱ ሮዝ ነበር» አለችኝ።

ማታ አጎቴ ደወለ። ድምጹን ዝቅ አድርጎ። «ስማኝ ልጄ፣ ያ ቀሚስ አረንጓዴ ነው። እኔ ነኝ የገዛሁት።»

ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ሮዝም አረንጓዴም ያው ግራጫ ነው፤ ዳኛ የለም። ሁለቱንም ሰራሁ። ፊታቸውን አልነካሁም፤ ቀሚሱን ግን አልራራሁለትም። ሮዙ ሳሎን ተሰቅሏል። አረንጓዴውን አጎቴ ኪስ ቦርሳው ውስጥ እንዲገባ በትንሹ ነው ያሳተመኝ።